ትንሽ ቱርቦ ሞተር ያለው ፒክአፕ በጎንደር ዳገት፦ ናፍታው የት እንደሚሄድ አግኝቶ የመቀነስ ዝርዝር መመሪያ

«ቱርቦ ነው፣ ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ነዳጅ አይበላም» ብሎ የሸጠላችሁ ደላላ አልዋሸም፤ የነገራችሁ ግን ግማሹን ነው። ትንሽ ቱርቦ ሞተር የሚጠጣው በሲሲው (በሞተሩ መጠን) ልክ ሳይሆን በምታዙት ጉልበት ልክ ነው። ሜዳ ላይ ረጋ ብላችሁ ስትነዱት እውነትም ትንሽ ሞተር ነው። አንድ ቶን ጭናችሁ ከገንዳ ውሃ ወደ አይከል ስትወጡ ግን ቱርቦው አየር እየጠቀጠቀ የትልቅ ሞተር ሥራ ያሠራዋል፤ የትልቅ ሞተር ነዳጅም ይወስዳል። ከጎንደር በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጡ ደግሞ ዳገት ወይ በመሄጃ ወይ በመመለሻ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ «በሊትር 13 ይሄዳል» የተባለ መኪና እናንተ ዘንድ 8 ቢሄድ ወዲያው ሞተሩ ተበላሽቷል አትበሉ። አጠገባችሁ ያለው መንገድ፣ እግራችሁ ወይም አንድ የላላ ማኒኮት (የአየር ቱቦ) ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በቅደም ተከተል ስትሄዱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አየሩንና ሞተሩን እወቁ

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ የድሮው ባለ 3 ሊትር ፋይቭ-ኤል ሃይሉክስ፣ የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጎንደር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ ደባርቅ ሲደርስ ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ሹፌሮች «ደጋ ላይ ሞተሩ ይከብደዋል» የሚሉት ይህን ነው።

ቱርቦ ያለው ይህን ጉድለት ይሸፍናል፤ በነፃ ግን አይደለም። ሞተሩ ውስጥ 200 ኪሎ ፓስካል የሚደርስ አየር ለማስገባት ጅቡቲ ላይ ያለ ቱርቦ የውጭውን አየር 2 እጥፍ ቢጨምቅ ይበቃዋል። ያው ቱርቦ ጎንደር ላይ 2.6 እጥፍ፣ ደባርቅ ላይ 2.8 እጥፍ መጭመቅ አለበት። ስለዚህ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩ የበለጠ ይግላል፣ የተጨመቀውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለርም ሥራ ይበዛበታል። ወደብ ላይ ማንም የማያውቀው የማኒኮት ስንጥቅ እዚህ በጥቁር ጭስ ራሱን የሚያጋልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን በየጋራዡ የምታዩአቸውን ሞተሮች አስቡ። የኢሱዙ ዲ-ማክስ ባለ 1.9 ሊትር ናፍታ ሞተር 350 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማሽከርከር ጉልበት) አለው፤ ይህንንም የሚሰጠው በደቂቃ ከ1,800 እስከ 2,600 ዙር ባለው ክልል ነው። ባለ 2.4 ሊትሩ ሃይሉክስ በአውቶማቲክ ካምቢዮ 400 ይደርሳል፤ ከ1,600 እስከ 2,000 ዙር። ያ የድሮው ባለ 3 ሊትር ቱርቦ አልባ ግን 200 አካባቢ ነው። ትንሹ ትልቁን የሚበልጠው በእነዚያ ጠባብ የዙር ክልሎች ውስጥ ነው፤ ከታችም ከላይም ሲወጣ ብልጫው ይጠፋል። የሞተራችሁን ክልል ከመኪናው መጽሐፍ ፈልጋችሁ በቃላችሁ ያዙት፤ ደረጃ 6 ላይ ስለ አነዳድ ስንነጋገር ያስፈልጋችኋል።

ቤንዚን ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። የትንሽ ቱርቦ ቤንዚን ፒክአፕ ወሬ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዴል ኤፍ-150 ላይ ባለ 3.5 ሊትር፣ በ2015 ሞዴል ደግሞ ባለ 2.7 ሊትር ቱርቦ አስገባ፤ ሼቭሮሌም በ2019 ሲልቨራዶ ላይ ባለ አራት ሲሊንደር 2.7 ሊትር አመጣ። የ2015ቱ ባለ 2.7 ሊትር ኤፍ-150 በአገሩ መንግሥት መለኪያ በአማካይ በጋሎን 22 ማይል ነው፤ በእኛ አነጋገር በሊትር 9.4 ኪሎ ሜትር። ለዚያ ትልቅ መኪና ጥሩ ቁጥር ነው። ነገር ግን የተለካው ባዶውን፣ በቤተ ሙከራ ሮለር ላይ፣ በልከኛ እግር ነው። ቱርቦ ቤንዚን ሞተር ብዙ ጉልበት ሲታዘዝ የጭስ ማውጫው እንዳይቃጠል ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጭበታል፤ ያ ቤንዚን ማብረጃ እንጂ ጉልበት አይደለም። በመደበኛው ጊዜ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የነበረው ወደ 12 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ናፍታ ሞተር ይህን አያደርግም፤ ጤነኛ ሲሆን በአብዛኛው ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይዞ ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ ምርጫው ገና በእጃችሁ ካለ፣ ለጭነትና ለዳገት ናፍታ ቱርቦ ውሰዱ። ቤንዚን ቱርቦ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ለሚመላለስ ሰው ያስኬድ ይሆናል፤ ሰሊጥ ለሚጭን ሰው ግን አልመክርም።

ደረጃ 1፦ በራሳችሁ መንገድ ለኩ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ መካኒክ ጋ ይሄዳል። ሳትለኩ የምታስጠግኑት ሁሉ ግምት ነው።

ታንኩን ሙሉ። የማደያው ማሽን ራሱ «ጠቅ» ብሎ ሲያቆም እዚያው ይቁም፤ ቀጂው እያንቀጠቀጠ እንዲጨምር አትፍቀዱ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ። እንደ ወትሯችሁ ንዱ። ሲቀንስ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን፣ መኪናውን በዚያው አቋም አቁማችሁ እንደገና እስከ «ጠቅ» ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ በገባው ሊትር አካፍሉ። 540 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 62 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 8.7 ነው። በቃ።

ችግሩ እኛ ጋ ሁልጊዜ ሙሉ አይቀዳም። ሰልፍ ሲኖርና ማደያው «ለአንድ መኪና ይህን ያህል» ሲል፣ በመሃል የቀዳችሁትን ሁሉ መዝግቡና እንደገና ሞልታችሁ እስክትቀዱ ጠብቁ፤ ከዚያ የመሃሉንና የመጨረሻውን ሊትር ደምራችሁ አካፍሉ። በቴሌብር የከፈላችሁበት መልእክት ስልካችሁ ላይ ስለሚቀር የረሳችሁትን ብር ከዚያ ታገኛላችሁ፤ ብሩን በዕለቱ የሊትር ዋጋ ስታካፍሉት ሊትሩ ይወጣል። በጀሪካን የተገዛ ናፍታ በመለኪያው ጊዜ አታስገቡ፤ ጀሪካኑ ስንት እንደያዘ ሻጩም በትክክል አያውቅም።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው አማካይ ቁጥር መኪናው በራሱ ያሰላው ግምት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ትንሽ ያሳምረዋል። ከራሳችሁ ስሌት ጋር አስተያዩትና ልዩነቱን እወቁት፤ ከዚያ በኋላ ለንጽጽር ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ጎማ ወደ ትልቅ ቁጥር ከቀየራችሁ ደግሞ ቆጣሪው ከሄዳችሁት ያነሰ ስለሚመዘግብ መኪናው ከእውነቱ በላይ የሚበላ ይመስላችኋል። የስልክ ካርታ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቆጣሪው ስንት እንዳለ እዩ።

አሁን ዋናው ነገር፦ መሄጃና መመለሻውን ለያይታችሁ አትፍረዱ። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ጎንደር ከእርሱ 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። 3 ቶን የሚመዝን፣ ማለትም የተጫነ ፒክአፕ፣ ያን ያህል ከፍታ ብቻውን ለመውጣት 41 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍታ 36 ሜጋ ጁል ገደማ ቢይዝም ጎማው ላይ የሚደርሰው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። ስታሰሉት፣ ሜዳው ላይ ከሚጠፋው ውጪ ለከፍታው ብቻ 3.5 ሊትር ያህል ይሄዳል። ወደ መተማ ሲወርዱ በሊትር 14 አገኘሁ ብሎ የሚያወራ ሹፌር እውነቱን ነው፤ የመመለሻውን ግን አልነገራችሁም። ደርሶ መልስ ብቻ ቁጠሩ።

የሜዳ ቁጥር ከፈለጋችሁ ከወረታ ወደ ሐሙሲት የሚወስደው የፎገራ ሜዳ ከዚህ አካባቢ የተሻለ ነው። የሩዝ ማሳውን ግራና ቀኝ እያያችሁ በአንድ ፍጥነት ደርሶ መልስ ንዱ። እዚያ ጥሩ ቁጥር አግኝታችሁ በዳገት መጥፎ ካገኛችሁ፣ ሞተራችሁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ ጭነትና አነዳድ ነው። ሜዳውም ላይ መጥፎ ከሆነ ወደ ሚቀጥሉት ደረጃዎች ሂዱ።

ደረጃ 2፦ መኪናውን በስልክ አንብቡ

ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ አለ። ዋጋው ለአንድ የጋራዥ «ምርመራ» ከምትከፍሉት ብዙም አይርቅም። ገዝታችሁ አስቀምጡት።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። የማኒፎልድ ግፊት (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት) የሚለውን ፈልጉ። ሞተሩ ስለቆመ ሴንሰሩ የሚያነበው የአካባቢውን አየር ነው፤ ጎንደር ላይ 78 አካባቢ፣ አዘዞ ላይ 80፣ ደባርቅ 72፣ መተማ 93 ኪሎ ፓስካል ያህል ማሳየት አለበት። ጎንደር ቆማችሁ 95 ካሳየ ሴንሰሩ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም የሌለ አየር አለ ብሎ ናፍታ ይረጫል። ይህን ማንም ጋራዥ ሳይሄድ በአንድ ደቂቃ ያየዋል።

ቀጥላችሁ ሞተሩን አስነሥታችሁ ንዱና የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ተከታተሉ። 15 ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ ከ80 በላይ ወጥቶ መርጋት አለበት። 60 እና 65 ላይ ከተንገዋለለ ደረጃ 4 ስለ እናንተ ነው።

ሦስተኛ፣ ረዳታችሁ ስልኩን ይዞ አንድ ረጅም ዳገት ውጡ፤ ከአዘዞ ወደ ከተማው የሚያስገባው ይበቃል። ነዳጁን ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ የማኒፎልድ ግፊቱ ቶሎ መውጣት አለበት። ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ግፊትና የተገኘውን ለየብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ካላችሁ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። የተገኘው ከተፈለገው በጣም ዝቅ ካለ አየር በመንገድ እያመለጠ ነው፣ ወይም ቱርቦው ሰንፏል።

ደረጃ 3፦ የአየሩን መንገድ ከአፉ እስከ ሞተሩ ተከተሉ

የቱርቦ መኪና ነዳጅ ፍጆታ ከተበላሸ እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው። ርካሽ ነው፣ ቁልፍና ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ እዚሁ ይገኛል።

የአየር ፊልትሮውን አውጡ። በኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮ በከተማ ከሚውለው በእጥፍ ቶሎ ይደፈናል። በተደፈነ ፊልትሮ ዳገት መውጣት አፍንጫን በጥጥ ወትፎ እንደ መሮጥ ነው፤ ቱርቦው የጎደለውን ለመሙላት ይበልጥ ይጨነቃል። ማስነፋት ከፈለጋችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ራቅ ብሎ ይነፋ። ጎሚስታ ጋ የጎማ መንፊያውን አስጠግቶ «ፏ» ማድረግ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በዚያ ቀዳዳ የገባ አቧራ የቱርቦውን ምላጭ ይቆርጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፋ በኋላ አዲስ ግዙ። የፊልትሮው ቤት ክዳን ዙሪያውን መግጠሙንም በጣት ዳስሱ።

ከፊልትሮው ቀጥሎ የአየር መጠን የሚለካ ሴንሰር አለ። ለእርሱ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል። በጨርቅ አትንኩት፤ ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው።

አሁን ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ከኢንተርኩለሩም ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ማኒኮቶች አንድ በአንድ ያዙ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። እያንዳንዱን ጨመቅ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በተለይ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ጎን። መጋጠሚያው ላይ የዘይትና የጥላሸት እርጥበት ካያችሁ አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ቱርቦ ትንሽ የዘይት ላብ ስለሚያሳልፍ አየር የሚያመልጥበት ቦታ ራሱን ይቀባል። ማሰሪያውን አጥብቁ ወይም ቀይሩ። ስንጥቅ ያለበትን ማኒኮት በላስቲክና በሽቦ ማሰር እስከ ቤት ያደርሳል እንጂ ጥገና አይባልም።

ይህ ማምለጫ ነዳጅ የሚያስበላው ለምንድን ነው? ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ለመላክ ጉልበት አውጥቷል፤ አየሩ ግን ሞተሩ ሳይደርስ ወጣ። ሹፌሩ ጉልበት ስላጣ ጠልቆ ይረግጣል፣ ናፍታው ይጨምራል፣ አየር ስላነሰው በደንብ አይቃጠልም፣ በጥቁር ጭስ ይወጣል። ጭሱ ያልተጠቀማችሁበት ናፍታ ነው። ከመኪናው ኋላ የሚመጣ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ሲያልፋችሁ ምክንያቱን እወቁት።

ኢንተርኩለሩ ራሱ ፊት ለፊት ከራዲያተሩ ጎን ወይም ቀድሞ፣ ኮፈኑ ላይ አየር ማስገቢያ ባላቸው የድሮ ዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክሶች ደግሞ ከሞተሩ በላይ ይገኛል። ክረምት ላይ ጭቃ፣ በመኸር ገለባ ይሞላዋል። በቀስታ በሚፈስ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት እጠቡት። በከፍተኛ ግፊት መኪና ማጠቢያ ቢታጠብ ክንፎቹ ይተኛሉ፤ ያን ጊዜ ከጭቃው የባሰ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ቴርሞስታቱ አለ ወይ?

አንዳንድ መካኒክ መኪና ሲግል የመጀመሪያ መፍትሔው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይባላል። ለእኛ አገር፣ በተለይ ጧት ጧት ለሚበርዳት ለዳባትና ለደባርቅ፣ እጅግ ያስፈልጋል። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን አያገኝም፤ ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሣ ሞተር ቆጥሮ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ዘይቱም ወፍራም ሆኖ ስለሚቆይ ሰበቃው ይበዛል። መተማ ላይ ደግሞ ባለመኖሩ ያተረፋችሁት የለም፤ የሚግል ሞተር የሚግልበት ምክንያት ሌላ ነው፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የሰነፈ ቬንትሌተር፣ የሚያንጠባጥብ የውሃ ፖምፓ። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ ይህን አስከፍታችሁ እዩ። ከሌለ ለሞተሩ የተሠራውን፣ በትክክለኛው ዲግሪ፣ አስገቡ።

ደረጃ 5፦ ጎማና ፍሬን

አጭር ነው። የጎማ ንፋስ መጠን በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፏል፤ ባዶና የተጫነ ተለያይቶ። ጎማው ሳይግል፣ ጧት ሳትነዱ አስለኩ። ጎሚስታው በእግሩ መትቶ «በቂ ነው» ቢላችሁ መለኪያውን እንዲያመጣ ንገሩት። መተማ ሙቀት ላይ የተነፋ ጎማ ጎንደር ሲደርስ ብርዱ ይቀንሰዋል፤ የአየሩ መሳሳት ደግሞ መለኪያው ላይ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ በአብዛኛው ስለሚጣፉ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄዱ ንፋስ አታስቀንሱ።

ረጋ ያለ መንገድ ነድታችሁ ስትቆሙ እያንዳንዱን ቸርኬ በእጅ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ ሙቀቱን አነጻጽሩ። አንዱ ከሌሎቹ የሚፋጅ ከሆነ የፍሬን ሸራው አልለቀቀም፣ ወይም ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዞ የሚሄድ መኪና የትኛውም ቱርቦ አያድነውም። አራት ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽም በደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ።

ደረጃ 6፦ እግርና ማርሽ

ቱርቦ ናፍታ ሞተር ከአንድ ሊትር ብዙ ሥራ የሚያወጣው በዝቅተኛ ዙር፣ ደህና ጭነት ይዞ ሲሠራ ነው። ለአብዛኞቹ ፒክአፖች ይህ ከ1,500 እስከ 2,200 ዙር አካባቢ ነው። ሜዳ ላይ ከ2,000 ዙር በፊት ማርሽ ጨምሩ። ዳገት ላይ ግን ስግብግብ አትሁኑ፦ ዙሩ ከ1,400 በታች ወርዶ፣ እግራችሁ ወለሉን ነክቶ፣ ሞተሩ እያንኳኳ ከሄደ ቱርቦው ገና አልተነሣም። ናፍታ አለ፣ አየር የለም። አንድ ማርሽ ቀንሱ፣ እግራችሁን ግማሽ መልሱ። የኋላ መስታወቱን እያያችሁ ጭሱ መጥፋቱን ታረጋግጣላችሁ።

በሦስት መንገድ ላይ እንየው።

ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን ይዞ አብዛኛው ሽቅብ። እዚህ የሚያድናችሁ ፍጥነትን መተው ነው። በአንድ ዳገት በ70 እና በ50 መካከል የሚገኘው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቱርቦው ላይ የሚያመጣው ጭንቀት ግን ብዙ ነው። ቤንዚን ቱርቦ የያዛችሁ ደግሞ ለእናንተ ማርሽ መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ ያ ማብረጃ ቤንዚን የሚመጣው ከጉልበቱ ብዛት ስለሆነ ፍጥነቱ ራሱ መቀነስ አለበት።

ከደባርቅ አልፋችሁ ጣሊያን የቆረጠውን ሊማሊሞን ስትወርዱ ወይም ከአይከል ወደ መተማ ስትወርዱ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ መልቀቅ (ማርሽ አውጥቶ መውረድ) የሚሉት ነገር አለ። ሞኝነት ነው፤ ነዳጅም አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሡ ኮምፒውተሩ ናፍታውን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ለሚኒሞው (ሳይረገጥ ለሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ናፍታ ይሰጠዋል። ስለዚህ በማርሽ የወረደ ሰው ዜሮ ሲያቃጥል በፎሌ የወረደ ይከፍላል፤ ፍሬኑም ይግላል፣ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የጋለ ፍሬን የሚያደርገውን የሊማሊሞ ገደሎች ያውቁታል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ።

ወደ ባሕር ዳር ከማክሰኚት በኋላና ከአዲስ ዘመን ቁልቁለት በታች ፈተናው ፍጥነት ነው። ንፋስ የሚያመጣው ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በ110 የሚነዳ ፒክአፕ በ80 ከሚነዳው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ንፋስ ይገፋል። ፒክአፕ ደግሞ ንፋስ ለመሰንጠቅ የተሠራ ቅርጽ አይደለም። በ80 እና በ85 መካከል መርጋት ከማንኛውም የሞተር ጥገና የበለጠ ቁጥሩን ሲያሻሽል ታያላችሁ።

ከተማ ውስጥ፣ አራዳ ገበያ በር ላይ ሞተር አስነሥቶ ደንበኛ መጠበቅ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበላል። አጥፉት። ጧት ሲነሣ ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ሳትረግጡ እየነዳችሁ ይሙቅ። ከረጅም ዳገት በኋላ ግን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ። ቱርቦው የሚዞረው በዘይት ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ የጋለው ዘይትም እዚያው ይቃጠላል።

ደረጃ 7፦ ጭነት፣ ናፍታና ዘይት

ባለፈው ስሌት መሠረት ከመተማ ጎንደር ለመውጣት እያንዳንዱ 100 ኪሎ ለከፍታው ብቻ ከ0.1 ሊትር በላይ ያስከፍላል። ብዙ አይመስልም። የተረሳ ትርፍ ጎማ፣ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ውሃ፣ የብረት ፖርታ ባጋሊና የጋራዥ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ሲመላለስ ግን ይደመራል። ፖርታ ባጋሊውን ባዶውን ይዛችሁ አትዙሩ፤ እርሱ ክብደትም ንፋስም ነው። ሸራው እየተርገበገበ ከሄደ አጥብቃችሁ እሰሩት።

ናፍታው ውስጥ ውሃ መኖሩን ለማወቅ የነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላልታችሁ በብርጭቆ ቅዱ። ከታች የተለየ ነገር ከረጋ ውሃ ነው፤ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ አፍስሱ። ጀሪካን ለመግዛት የተገደደ ሰው ይህን በየሳምንቱ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ዘይት ላይ ደግሞ ለሞተሩ የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ፤ 5ደብሊው-30 የሚለውን ሞተር «ለሙቀት ይሻላል» ብሎ 20ደብሊው-50 መሙላት ፍጆታውን ይጨምራል፣ ጧት ላይም ዘይቱ ቱርቦው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል።

በነዳጅ ማስተላለፊያው ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ «በሊትር 3 ኪሎ ሜትር የሚጨምር» ጠርሙስ፣ ኮምፒውተሩን አታሎ ናፍታ የሚጨምር ቺፕ፤ ገንዘባችሁን ለማኒኮትና ለፊልትሮ አውሉት። ቺፑ በተለይ እዚህ ከፍታ ላይ፣ ቱርቦው ከአቅሙ ጫፍ አጠገብ ሲሠራ፣ ጭስና ሙቀት ብቻ ነው የሚጨምረው።

ደረጃ 8፦ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ብቻ ፖምፒስታ ጋ ሂዱ

አንድ ነገር ሠርታችሁ አንድ ታንክ ንዱና በደረጃ 1 መንገድ ለኩ። አምስት ነገር በአንድ ቀን ካስቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። መዝገቡ ላይ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ መንገድ፣ ጭነት እና የተሠራውን ጻፉ። የሜዳው ቁጥር ተሻሽሎ የዳገቱ ብቻ ከቀረ፣ ያ የመሬቱ ዋጋ ነው፤ ጋራዥ አይመልሰውም።

ሁሉንም አድርጋችሁ የፎገራ ሜዳ ቁጥር አሁንም መጥፎ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ናፍታውን ወደ ሞተሩ በሚረጩት ኢንጀክተሮች ላይ ይወድቃል። ፖምፒስታው (የናፍታ ፖምፓና የኢንጀክተር ጠጋኙ) ወዲያው «አራቱም ይቀየሩ» ካለ፣ መጀመሪያ የመመለሻ ናፍታ ልኬት እንዲያደርግ ጠይቁት፦ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚመለሰው ናፍታ በየራሱ ጠርሙስ ይቀዳል፣ ሞተሩ በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ጠርሙሶቹ ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞላ ችግሩ የዚያ ነው። አራቱም እኩል ከሆኑ ደግሞ ወደ ማኒኮቶቹ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀብታችሁ፣ ረዳታችሁ ሞተሩን በ2,500 ዙር ሲይዝላችሁ አረፋው የሚፈላበትን ቦታ ፈልጉ። እጃችሁንና ልብሳችሁን ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው አርቁ።